እህቴ ወታደር ሐኪም ልሁን ስትል

ንጋት፣ ደብረ ብርሃን

ጎህ ሲቀድ ሚኒባሳችን ከመናኸሪያው ወጣ። አጠገቤ ታናሽ እህቴ ሰናይት ተቀምጣለች። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቷ ቆንጆ ነው፤ ሕክምና መማር ትፈልጋለች። ችግሩ በሠራዊቱ በኩል ልግባ ማለቷ ነው። እናታችን ደግሞ «አንዲት ሴት ልጄን ለጠመንጃ አልሰጥም» ብላ ቁርጧን ተናግራለች። ስለዚህ የእናታችን የአጎት ልጅ ወደሆኑት ወደ እትዬ አስካለ እየሄድን ነው። ሠራዊቱ ውስጥ ሐኪም ነበሩ፤ ጡረታ ወጥተው አንኮበር ይኖራሉ።

ሹፌሩ ወሬያችንን ሰምቶ ኖሯል።

«እህቴ፣ ሐኪምም ወታደርም ሁኚ፤ ብቻ የኔን ወገብ በነፃ እዪልኝ!»

ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀ።

ማለዳ፣ መንገድ ላይ

የገብስና የባቄላ ማሳ፣ ከገደሉ ሥር የሚተን ጉም፣ መንገድ ዳር ሣር የሚነጩ ጭላዳዎች። ሰናይት ግን ወደ ውጭ አታይም።

«እዚያ ብማር ወጪዬን እነሱ ይችላሉ፤ ስጨርስ ግን የት እንደምሠራ የምወስነው እኔ አይደለሁም» አለችኝ። «የሚያስጨንቀኝ ይሄ ነው።»

ቀትር፣ አንኮበር

እትዬ አስካለ በስኒከር ጫማ ተቀበሉን። ሽሮ በገብስ እንጀራ አበሉንና «ወሬውን እላይ ሆነን» ብለው የጥንቱ ቤተ መንግሥት ወደነበረበት ኮረብታ ነዱን። እኛ እናለከልካለን፤ እሳቸው ከፊት ከፊት እያፏጩ ይወጣሉ።

ጫፉ ላይ ስንደርስ ሰናይት ትንፋሿን ሰብስባ ጠየቀች።

«እትዬ፣ የቆሰለ ጠላት ቢያመጡልዎስ?»

«ደሙን አቆማለሁ። አቁሜያለሁም።»

«የተጸጸቱበት ነገር የለም?»

«እናቴ ስታርፍ ግዳጅ ላይ ነበርኩ፤ አልቀበርኳትም። እሱን አልደብቅሽም። ግን ያኔ እጄ ላይ የዳኑ ልጆች ዛሬም ለበዓል ይደውሉልኛል።»

ሰናይት ቁልቁል ሸለቆውን ለረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ ስልኳን አወጣችና ድምፅ ማጉያውን ከፍታ ለእናታችን ደወለች።

«እማ፣ ወስኛለሁ። ልግባ።»

ኔትዎርኩ የተቋረጠ መሰለን።

«እማ?»

«ሰምቻለሁ» አለች እናቴ ቀስ ብላ። «ካምፑ... ይበርዳል?»

እትዬ አስካለ ስልኩን ቀሟት። «የደብረ ብርሃን ልጅ ስለ ብርድ እሷ ታስተምራቸው እንጂ!»

እናቴ ሳይታሰብ ሳቀች። አፍንጫዋን ስትጠርግም ተሰማን።

«እንግዲያው» አለች፣ «ሹራብ መሥራት ልጀምር።»