ባለቤቴና የዜግነት ፈተናው

ባለቤቴ ከወሎ ከወጣ ጀምሮ አንድ ምኞት ነበረው፤ በሕይወቱ አንድ ጊዜ እንኳ ተሰልፎ የሚያስተዳድረውን ሰው መምረጥ። አገር ቤት እያለ ማንም ጠይቆት አያውቅም። ላስ ቬጋስ ገብተን እኔ ሆቴል አልጋ ሳነጥፍ፣ እሱ መንገደኛ ከኤርፖርት ወደ ካዚኖዎቹ ሲያመላልስ ዓመታት አለፉ። በመጨረሻ ለዜግነት አመለከተ።

ፈተናው የአሜሪካን ታሪክ ስለሚጠይቅ፣ እዚሁ የተወለደችው ልጃችን አስተማሪው ሆነች። ከሺፍት ሲመለስ ኩሽና ውስጥ ይዛው ትቀመጣለች።

«አባ፣ ኮሎኒስቶቹ፣ የድሮዎቹ አሜሪካኖች፣ ለምን ከእንግሊዝ ጋር ተዋጉ?»

«ግብር በዛባቸው።»

«እሱ ብቻ አይደለም። ፓርላማ ውስጥ የእነሱ ሰው የለም፤ ሳይጠየቁ ነው ታክስ ያደረጓቸው። መጀመሪያ ንጉሡን ለመኑ፣ እምቢ አለ። ከዛ ተሰብስበው ነጻ ነን ብለው ዲክሌር አደረጉ።»

«ንጉሡ ከተሸነፈ በኋላስ ማን ነገሠ?»

«ማንም! ስቴቶቹ መጀመሪያ የላላ ማኅበር ሠሩ፣ አልሆነም። ከዛ ሕገ መንግሥት ጻፉ፣ ፕሬዚዳንት መረጡ።»

«ጥቁሮቹስ? መረጡ?»

«አይ አባ። ብዙዎቹ ባሪያ ነበሩ።»

ይህን ሰምቶ ፊቱ ቢጠቁርም ትምህርቱን አልተወም። «የገረመኝ» አለኝ አንድ ቀን፣ «ካሸነፉ በኋላ ቁጭ ብለው መጨቃጨቃቸው ነው። እኛ ጋ ያሸነፈው ወንበሩ ላይ ይወጣል፤ ጭቅጭቁም እዚያው ያበቃል።»

ቀጠሮው ሲቃረብ፣ ጎረቤት ከተማ ሄንደርሰን ሰው አድርሶ ሲመለስ ቀኝ እጁ መሪው ላይ ከዳው። እንደ ምንም ዳር አስይዞ ቆመ። ሐኪሞቹ ስትሮክ ነው አሉን። ከአልጋ ሲነሳ አማርኛው እየተንቀረፈፈም ቢሆን ተመለሰ፤ እንግሊዝኛው ግን ሲሰማው ቢገባውም ከአፉ ከነአካቴው ጠፋ።

ማመልከቻውን የያዘልን ጠበቃ የሐኪም ማስረጃ ከቀረበ ኢሚግሬሽኖቹ ከእንግሊዝኛው ነጻ ሊያደርጉት እንደሚችሉ ነገረን። ባለቤቴ እምቢ አለ።

«ሰው ፈትኖኝ እንጂ አዝኖልኝ አልገባም።»

ለምኜው አልቅሼ አቃተኝ። ሙሉ ልብሱን አልብሼ፣ ክራቫቱን አስሬ ወሰድኩት። ፈታኟ ደግ ሴት ነበረች፤ እያነከሰ ሲገባ ስታይ እኔንም አብሬው እንድቀመጥ ፈቀደችልኝ። ያንኑ ጠየቀችው፤ ኮሎኒስቶቹ ለምን ተዋጉ?

ገባው። ዓይኑ በራ። «ሳይጠየቁ ስለተገዙ ነው» አለ በአማርኛ፣ እየተንተባተበ። «ራሳቸውን በራሳቸው ማስተዳደር ስለፈለጉ።»

«በእንግሊዝኛ፣ እባክዎ» አለችው።

አፉን ከፈተ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣም። ወደ እኔ ዞሮ ሲያየኝ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። ብናገርለት ደስ ባለኝ፤ አይፈቀድም።

ከወራት በኋላ በሁለተኛው ዕድልም እንደዚያው ሆነ። ማመልከቻው ተዘጋ። ጠበቃው እንደገና እንሞክር ቢልም ባለቤቴ «በቃኝ» አለው።

ባለፈው ምርጫ ልጃችን ለመጀመሪያ ጊዜ ልትመርጥ ስትወጣ በሩ ላይ ቆማ፣ «አባ፣ ለማን ልስጥ? የአንተን እኔ አደርግልሃለሁ» አለችው።

«ድምፅሽ ያንቺ ነው» አላትና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

አሁን ቴሌቪዥን ላይ ዜና ሲጀምር በግራ እጁ ሪሞቱን ፈልጎ ያጠፋዋል።