የሥራነሽ መሐላ

ድረስ ሹሙን በገደለበት ቀን እናቱ ሥራነሽ ጉንደ ወይን ገበያ ጌሾ ትሸጥ ነበር። ሹሙ አቶ ሙላት ከኪዳነ ምሕረት ቅዳሴ ሲወጡ ድረስ ከዋርካው ሥር ብድግ ብሎ ደረታቸው ላይ ሦስት ጊዜ ተኮሰ። አጃቢዎቹም እሱን እዚያው ወንፊት አደረጉት። አስከሬኑን ሲያመጡላት ግማሽ ፊቱ አልነበረም፤ በተረፈው ግማሽ ለየችው።

ከዚያ ወዲያ አገሩ ሁሉ መርማሪ ሆነ። ሬዲዮው «የተቀነባበረ ሴራ» አለ፤ ጠላ ቤቱ «ብቻውን ነው፣ ወንድ ልጅ!» አለ። ዶሮ ማረድ የሚቀፈውን ልጅ በአንድ ሳምንት ውስጥ አንዴ ጀግና፣ አንዴ ቅጥረኛ አደረጉት።

ሥራነሽን ግን ማንም አልጠየቃትም። እሷ ደግሞ ታውቃለች። ድረስ መሣሪያ አልነበረውም፤ ክላሹን በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልሎ ያመጣለት የገዛ ታላቅ ወንድሟ ዘመነ ነው። ከጭዱ ክምር ኋላ ሲያቀብለው በዓይኗ አይታለች።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ለከብት ጥበቃ ነው፤ አንቺ ዝም በይ።»

ዝም አለች። በአሥራ አራት ዓመቷ ሲድሯትም፣ ባሏ ሞቶ መሬቷን ዘመነ ሲያርሰውም ዝም ብላ ነው የኖረችው። ዝምታዋን ሰው ጨዋነት ይለዋል፤ ይመቸዋላ!

የሙላት ወንድም የሺዋስ ጭዷን አቃጠለ፤ አንዱን በሬዋንም ገደለ። ከዚያ መልእክት ላከባት። «ድረስ ብቻውን ከሆነ ደሙ በደሙ ተዘግቷል። ግብረ አበር ካለው ግን ስሙን አምጪ፤ አለዚያ አንሙትን እገድለዋለሁ።»

አንሙት የተረፋት አንድ ልጇ ነው፤ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ይማራል። የሺዋስም ቀልድ አያውቅም። መናኸሪያው አጠገብ ለአንሙት የተተኮሰው ጥይት የባጃጅ ሾፌር ትከሻ በጣጥሶ ወጣ።

በመጨረሻ ሽማግሌ ተቀመጠ። ሽማግሌውን የሰበሰበ፣ ቄሱን የለመነ፣ ከሁሉ በላይ የተሯሯጠ ማን ይሁን? ዘመነ! በአገሩ ወግ የገዳይ እናት ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆማ «ልጄ ብቻውን ነው» ብላ ከማለች ደሙ ይዘጋል። ዘመነም እህቱ በራሷ ምላ የምትገላግለው መስሎት ነበር።

በቀጠሮው ቀን መሣሪያው ሁሉ አጥሩን ተደግፎ ቆመ፤ በዕርቅ ቦታ ጠመንጃ አይያዝም። የሺዋስ ግን አንድ ነገር አለ።

«በራሷማ አትምልም። ልጅ የቀበረች ሴት ለራሷ ምን ትሳሳለች? በአንሙት ትማል።»

ቄስ ወልደ ገብርኤል አንገታቸውን ደፉ። «እንግዲህ ሥራነሽ፣ የልጅሽን እጅ ያዢና ተከተይኝ። ድረስን የመከረው፣ ያስታጠቀው ሰው የለም። አውቄ ደብቄ ከሆነ አንሙትን አፈር ያልብስብኝ።»

የአንሙትን እጅ ያዘች።

«ድረስን የመከረው…» ብላ ቆመች።

የሺዋስን ትፈራዋለች፤ መሐላን ግን ይበልጥ ትፈራለች። ጥይት ይስታል፤ መሐላ ሲስት አይታ አታውቅም። በሐሰት የማለች ጎረቤቷ በአንድ ዓመት ሦስት ልጅ ቀብራለች።

«በይ እንጂ፣ እታለም!» አለ ዘመነ።

ዞራ አየችው። ዓይኑ የሺዋስ ላይ ነበር፤ አንሙትን ዞር ብሎም አላየው። ያን ጊዜ የዘመናት ንዴቷ ገነፈለ።

«አልምልም፣ አባቴ። ክላሹን የሰጠው ጋሼ ዘመነ ነው።»

የሺዋስ ከጋቢው ሥር ሽጉጥ መዘዘ። የመጀመሪያው ጥይት ዘመነን ሆዱን መታው፤ ሁለተኛው ሊሮጥ ሲነሳ ጉልበቱን ሰበረው። ዘመነ አንጀቱን በእጁ ይዞ በሣሩ ላይ ተጎተተ።

«እኔንም የላከኝ አለ! ስሙን ልንገርህ፣ እሱ…»

ሦስተኛው ጥይት በአፉ ገባ። የሺዋስ በንዴት ታውሮ ሲፈልገው የከረመውን ስም በገዛ እጁ ገደለው።

«እኔ ጨርሻለሁ» አለ ሽጉጡን እየመለሰ። «አንሙትን አልነካውም፤ ሄዶ ይማር።»

ሥራነሽ ልጇን አንቃ አቀፈችው። የወንድሟ ደም ቀሚሷን ነክቶት ሳለ ደስ አላት፤ ደስ በማለቷም አፈረች።

የዘመነ የበኩር ልጅ ኪዳነ ማርያም አባቱ አጠገብ ተንበርክኮ ነበር። ማርቆስ ውስጥ ከአንሙት ጋር አንድ ክፍል ተከራይተው አንድ አልጋ ላይ የሚተኙ የወንድምና የእህት ልጆች ናቸው። የአባቱን ዓይን ከደነና ተነሣ፤ ወደ አጥሩ ሄዶ የአባቱን ጠመንጃ አነሣ። የሺዋስን አልፎት መጣ።

«አክስቴ» አለ፣ እንደ ሁልጊዜው አንቱ ብሎ፣ «የሺዋስማ ደመኛ ነው፤ የወንድሙን ደም መለሰ። አባቴን የሸጡት እርስዎ ነዎት።»

አፈሙዙን ወደ አንሙት አዞረ።