ሁለት ስለት ይዘን ወደ ወደቡ ሐዲድ

በ2018 ዓ.ም. በወርኃ ጽጌ ነው። ሎስ አንጀለስ መኸሩን በሙቀት ነው የምትጀምረው፤ ማለዳው ግን ነጠላ ያስደርባል። ሐሙስ ዕለት ገና ሳይነጋ ከባለቤቴ ከታደለ ጋር ከቤት ወጣን። የምንሄደው ወደ ሎንግ ቢች ነው። እዚያ ወደቡ ዳር ለብዙ ዓመት ሣር የበቀለበት የጭነት ባቡር ሐዲድ አለ። ከዋናው መስመር ተገንጥሎ እስከ መርከቦቹ የሚደርስ አጭር ቅርንጫፍ ነው። ዛሬ ባቡር ለሙከራ ይሄድበታል። ባቡሩን ይዘው ከሚመጡት ሠራተኞች አንዱ ልጃችን ብንያም ነው።

ለማታውቁን ነገሩን ባጭሩ ልንገራችሁ። ብንያም የሚሠራው ሩቅ በረሃ ውስጥ፣ የጭነት ባቡር ላይ ነው። ቤት የሚመጣው ሲፈቀድለት ነው፤ የሚፈቀድለትም ጥቂት ጊዜ ነው። ይህ ቅርንጫፍ ከተከፈተ ወደዚህ እንደሚያዛውሩት አለቆቹ ነግረውታል። ታደለ ደግሞ የትራክ ሹፌር ነው። ከመርከብ የወረደውን ኮንቴይነር ከወደቡ ወደ መጋዘን ያመላልሳል። ባቡሩ ከተመለሰ የሚወስደው ይህንኑ ጭነት ነው። ልጄን ወደ ቤት የሚያመጣው ባቡር የባለቤቴን እንጀራ ጭኖ ሊሄድ ነው ማለት ነው።

እኔ ሐዲዱ እንዲከፈት ስለት ተስያለሁ፤ ለቤተ ክርስቲያናችን ጃንጥላ። ለማንም አልተናገርኩም። ስለት እስኪደርስ አይወራም ብላ ነው እናቴ ያሳደገችኝ።

ፌርፋክስ

ከዚያ በፊት በነበረው ማክሰኞ ጧፍ ልገዛ የሐበሻ ሱቆች ባሉበት በፌርፋክስ መንገድ ላይ ከእትዬ ብርነሽ ሱቅ ገብቼ ነበር። ጃንጥላዎቹ ከጣሪያው ሥር ተሰቅለዋል፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊ፣ ሁሉም ወርቃማ ዘርፍ አላቸው። ቀና ብዬ ሳይ እትዬ ብርነሽ አዩኝ።

«ባለቤትሽም ባለፈው ሳምንት መጥቶ ይቺኑ ቀይዋን ሲያገላብጥ ነበር» አሉኝ። «ምነው፣ አንድ ላይ ብትመጡ ዋጋ አስተካክልላችሁ አልነበር?»

«እሱ ምን አለ?»

«እሱማ ምን አንደበት አለው? ‹ትቆይልኝ› ብሎኝ ሄደ።»

ጧፌን ይዤ ወጣሁ። ታደለ ለምን እንደተሳለ መገመት አላቃተኝም። አልጠየቅሁትም። ትዳር ውስጥ የማይጠየቅ ነገር አለ፤ ስለት አንዱ ነው።

አሁን በአሮጌዋ ቶዮታችን በዚያው ሱቅ ፊት እናልፋለን። መንገዱ ባዶ ነው። አንድ ሰው የምግብ ቤቱን ደጅ በጎማ ውኃ ያጥባል። የእትዬ ብርነሽ መስኮት ጨልሟል። ሁለታችንም ወደዚያ ዞር አልን።

ሚድ ዊልሻየር ስንደርስ ሌሊቱን ቢሮ ሲያጸዱ ያደሩ ሴቶች አውቶቡስ ይጠብቃሉ። ቦርሳቸውን በሁለት እጅ ይዘው፣ ዓይናቸውን ከድነው። እኔም እዚያው ቆሜ አውቃለሁ። ስለ ሁሉም ተመስገን።

ፍሪዌይ

ታደለ መኪና ሲነዳ አያወራም። በፈጣኑ አውራ መንገድ ወደ ደቡብ ስንይዝ ግን እሱ ጀመረ።

«ቆሎ ያዝሽ?»

«ይዣለሁ።»

«ለልጁስ?»

«ለልጁ ዳቦ ጋግሬያለሁ።»

«ጽጌን ይጾማል እንዴ?»

«እሱ እንኳ አይጾምም። ዳቦ ግን ይበላል።»

ፈገግ አለ። ከፊታችን ሰማዩ ነጣ። ክሬኖቹ ከሩቅ ታዩ፤ አንገታቸውን ያሰገጉ ረጃጅም ፍጥረቶች ይመስላሉ። ነፋሱ የጨውና የናፍጣ ሽታ ይዞ ገባ። ታደለ ማታ ማታ ይዞት የሚገባው ሽታ ነው፤ ምንጩን ያገኘሁት ያኔ ነው።

ሎንግ ቢች፣ የትራኮች ማደሪያ

ቶዮታዋን ፓርክ አድርገን ወደ ትራኩ ሄድን። ታደለ ዛሬም ጭነት አለበት፤ እኔን መንገዱ ሐዲዱን እስከሚያቋርጥበት ማቋረጫ ድረስ ሊያደርሰኝ ነው።

«ብረቱን ያዢ። ግራ እግርሽን አስቀድሚ» አለኝ። ወጣሁ። ከዚህ በፊት ተቀምጬበት አላውቅም። ከፊት መስተዋቱ በላይ የመድኃኔዓለም ሥዕል አለ። በጎን የጠበል ጠርሙስ፣ የመነጽር ቤት፣ ማስቲካ። የምቀመጥበት ላይ የሰፋሁለት ትራስ አለ፤ ለወገቡ ብዬ ነበር የሰጠሁት። እሱ ከተሳፋሪው ወንበር ላይ አስቀምጦታል።

«ትራሱን ለምን አልተጠቀምክበትም?»

«ይቆሽሻል ብዬ ነዋ።»

መንገዱ ከሐዲዱ ጎን ለጎን ይሄዳል። ሣሩ ታጭዶ በየቦታው ተከምሯል። ከብረቱ ሥር የተጋደሙት እንጨቶች ግማሾቹ አሮጌ ናቸው፤ በመካከላቸው አዳዲሶቹ እንደ ልጅ ጥርስ ብቅ ብቅ ብለዋል። ሐዲዱን የሚያዋስኑት መጋዘኖች አብዛኞቹ መስኮት የላቸውም። የአንዱ ግድግዳ ላይ ዓሣ ተስሎበት ነበር፤ የቀረው ጅራቱ ብቻ ነው።

«እኔ ሥራ ስጀምር በቀን ሁለቴ ይመጣ ነበር» አለ ታደለ። «እንጨት፣ ወረቀት፣ የታሸገ ዓሣ። ጩኸቱን ሰምተን ነበር ምሳችንን የምንፈታው። ከዚያ በቀን አንዴ ሆነ። ከዚያ በሳምንት። ከዚያ ቀረ።»

«ምን ሆኖ?»

«ባቡር እስኪሞላ ይጠብቃል። ለእኔ ከደወሉ ሳልቆይ በራቸው ላይ ነኝ። ፋብሪካዎቹም ተራ በተራ ተዘጉ።» ማርሽ ቀየረ። «ግን እኛው ነን የበላነው።»

«አሁንስ ለምን ፈለጉት?»

«አሁን ደግሞ እኛ በዛን። ሰልፉን ታዪዋለሽ። ጭሱ የሰዉ ቤት እየገባ የልጆቹን ደረት ያዘው። እናቶቹ በየስብሰባው እየሄዱ ጮኹ።»

እሱንም ሌሊት ሌሊት እንደሚያስለው አላነሳሁበትም።

ማቋረጫው

ወደ ወደቡ በር የሚገቡት ትራኮች እስከ ሐዲዱ ማዶ ተሰልፈዋል። ባቡር ከቀረ ወዲህ ሐዲዱ ላይ ቆሞ ተራ መጠበቅ ልማድ ሆኗል፤ ቁርሱን እዚያው የሚበላ አለ። አንዲት የሜክሲኮ ሴት በጋሪ ታማሌ፣ በቅጠል ተጠቅልሎ የተቀቀለ የበቆሎ ሊጥ፣ ትሸጣለች፤ አንዱ ሦስት ዶላር። ባቄላ ብቻ ያለበት እንዳላት በምልክት ጠየቅሁ፤ አላት። ጾሜን እስክፈታ በነጠላዬ ጠቅልዬ ያዝኩት።

ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሱ ሠራተኞች መጥተው ትራኮቹን ከሐዲዱ ላይ ማስነሳት ጀመሩ። ሁሉም ፈቀቅ አሉ። አንድ ነጭ ትራክ ብቻ ኮንቴይነሩን እንደተሸከመ ልክ ሐዲዱ መካከል ቀረ። የጋሽ ወርቁ ነው። ጋሽ ወርቁ ታደለን ይህን ሥራ ያስገቡት፣ ብንያምንም ክርስትና ሲነሣ በክንዳቸው የያዙት ሰው ናቸው።

«እቴ፣ ባቡርሽን ልትቀበይ መጣሽ?» አሉኝ ከትራኩ እየወረዱ።

«መጣሁ፣ ጋሽ ወርቁ። እርስዎስ ምን ሆነው ነው?»

«አልነሣም አለኛ። ሞተር አጥፍቼ ሬዲዮ ስሰማ ባትሪውን ጨረስኩት።»

«እግዜር የሹፌሮችን ጸሎት ሰምቶ ነው» አለ ከኋላቸው የቆመ ጎልማሳ ሹፌር። «ጋሼ፣ እዚሁ ሐውልት እናቆምልሃለን።»

«አንተ መጀመሪያ ጎማህን ቀይር» አሉት። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ባቡሩ ያኔ ታየ። አንድ ሎኮሞቲቭ፣ ከኋላው ጥቂት ፉርጎዎች። በሰው እርምጃ ነው የሚመጣው። ከፊቱ ሬዲዮ በእጁ ይዞ በእግሩ የሚሄደው ብንያም ነው። ከስቷል። እጁን አነሣ፤ ባቡሩ ቆመ። ትራኩን አየ፣ እኔን አየ፣ አባቱን አየ።

«ማሚ፣ ከሐዲዱ ራቂ፣ ፕሊስ» አለኝ። ከፋሲካ ወዲህ ፊት ለፊት ያለኝ የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው። ከዚያ ሳመኝ።

«ዳዲ፣ ምን ሆኖ ነው?»

«የጋሽ ወርቁ ባትሪ አልቋል።»

«መኪና የሚጎትት ቶው ትራክ ጠርተናል፤ ግን ትራፊክ አለ፣ ይቆያል አሉን።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የተፈቀደልን እስከ ረፋድ ነው። ከዚያ መርከብ ስለሚገባ መስመሩን ይዘጉታል። ሶ፣ ካልደረስን ሙከራው ከሸፈ ብለው ነው የሚጽፉት። ሌላ ቀን የሚሰጡን አይመስለኝም።»

ሹፌሮቹ ሁሉ ወደ ታደለ ዞሩ። ታደለ የባትሪ ኬብል እንደማይለየው እዚያ የማያውቅ የለም። በየክረምቱ የስንቱን ትራክ አስነሥቷል።

ጋሽ ወርቁ ሳቃቸውን ተዉ። «ኬብልህ አለ?» አሉት።

«አለ።»

«እንግዲህ እኔ አስነሣልኝ ብዬ አልጠየቅሁህም፣ ታዴ።»

ታደለ መሬት መሬት አየ። እኔ «አቤቱ» ብዬ ጀመርኩና ቀጣዩ ቃል አልመጣልኝም። ለልጄ ልጸልይ ለባለቤቴ ጠፋኝ። ልጄ ሬዲዮውን ይዞ ቆሟል፤ አባቱን አልለመነም።

ታደለ ትራኩ ላይ ወጣ። በጠጠሩ በኩል አሳልፎ ከነጩ ትራክ ጎን አቆመው። ኬብሉን ከወንበሩ ጀርባ አወጣ።

«ታዴ፣ እንጀራህን በገዛ እጅህ ነው?» አለው ቅድም ስለ ሐውልት ያወራው።

«ይልቅ ይቺን ጫፍ ያዝልኝ» አለው። ሰውየው ትንሽ ቆመና ያዘ።

መጀመሪያ ሲሞክሩት ዝም አለ። ቆይተው ሲሞክሩ አጉረመረመና ጠፋ። ታደለ ጫፎቹን በጨርቅ ጠርጎ እንደገና አሰረ። በመጨረሻ ጥቁር ጭስ ተፋና ተነሣ። ጋሽ ወርቁ ሐዲዱን ለቀው ወጡ። ማንም አላጨበጨበም።

ብንያም በአባቱ ፊት ሲያልፍ እጁን ዘረጋ። የታደለ እጅ በቅባት ጠቁሯል፤ ክንዱን ሰጠው። ልጁ ክንዱን ጨብጦ ትንሽ ቆየና ወደ ሥራው ሄደ። ሳይርቅ ደርሼበት ዳቦውን ከነጨርቁ ሰደርያው ውስጥ ከተትኩለት።

ባቡሩ አለፈ። መንኮራኩሩ ዝገቱን ሲፍቅ ጥርስ የሚያፋጭ ድምፅ ያወጣል። ሹፌሮቹ ቆመው አዩት፤ አንድ ሁለቱ በስልካቸው ቀረጹት። ታማሌ ሻጯ አማተበች። እኔም አማተብኩ።

እስከ መርከቦቹ ደርሶ ረፋድ ሳይሆን ተመለሰ። ብንያም ከሎኮሞቲቩ ደረጃ ላይ ሆኖ እጁን አወዛወዘልኝ። ሌላው እጁ ዳቦ ይዟል። በዚያው ወደ በረሃው ሄደ። መስመሩ ይከፈት አይከፈት ገና አልተወሰነም፤ ባለጭነቶቹ በባቡር ለመላክ ይስማሙ እንደሆነ ይጠየቃሉ አሉ።

መልስ

ታደለ ጭነቱን አድርሶ እስኪመለስ ማደሪያው ውስጥ ጠበቅሁት። ጾሜን በባቄላው ታማሌ ፈታሁ፤ ቀዝቅዞም ደግ ነበር። ወደ ማታ በቶዮታዋ ተመለስን። ፍሪዌዩ ሞልቷል።

«እትዬ ብርነሽ ስለ ቀዩ ጃንጥላ ነገሩኝ» አልኩት።

«እኚህ ሴትዮ ለምስጢር አይሆኑም።»

«ምን ብለህ ነው የተሳልከው?» አይጠየቅም ነበር። ጠየቅሁት።

ከፊታችን ያለው መኪና እስኪንቀሳቀስ ጠበቀ። «እንዳይከፈት» አለ።

«ታዲያ ኬብሉን ለምን አወጣህ?»

«እኔ ለመድኃኔዓለም ነው የነገርኩት፤ እሱ ይፍረድ ብዬ። ልጄ ፊት ቆሜ ኬብል የለኝም ልበል? እኔም እንዲመጣ እፈልጋለሁ። ግን ትራኩን ብሸጠው በዚህ ዕድሜዬ ምን እሠራለሁ?»

«እግዚአብሔር ያውቃል።»

«እሱማ ያውቃል። የማላውቀው እኔ ነኝ።»

እጄን ክንዱ ላይ አደረግሁ፤ ቅባቱ አልለቀቀም ነበር።

«አንቺስ?» አለኝ ቆይቶ። «አንቺም ቀና ብለሽ ስታዪ ነበር አሉኝ።»

«ለአንተም ነገሩህ?»

«ትናንት ደወሉልኝ። ምን ብለሽ ነው?»

«እንዲከፈት።»

«ምን ልትሰጪ?»

«ጃንጥላ።»

ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ያለቀሰ መስሎኝ ደነገጥኩ። እየሳቀ ነው። «እንግዲህ» አለ፣ «ቢከፈትም ባይከፈትም ቤተ ክርስቲያኑ ጃንጥላ አገኘ።»

እስከ ፌርፋክስ ድረስ እያቋረጥን ሳቅን።

በማግስቱ

ዓርብ ታደለ እንደ ወትሮው ሳይነጋ ወጣ። ትራሱን ወገቡ ሥር እንዲያደርግ ነገርኩት። ጸሎቴን አድርሼ በእግሬ ወደ ፌርፋክስ ሄድኩ። እትዬ ብርነሽ ገና በሩን እየከፈቱ ነበር።

«ደረሰልሽ?» አሉኝ።

«ገና ነው።»

«ታዲያ ምን አስቸኮለሽ?»

«ከሁለታችን የአንዳችን መድረሱ አይቀርም» አልኳቸው።

ነገሩ አልገባቸውም፤ ግን በመንጠቆው ቀዩን አወረዱልኝ። አቧራውን አራገፉለት።

«ሲሰጥ በማን ስም ይጠራ?»

«የብንያም እናትና አባት ይበሉ።»

ታቅፌው ወጣሁ። ፀሐዩ ከረር ብሎ ነበር፤ እስከ ቤት ያለው መንገድም ጥላ የለውም። አልዘረጋሁትም። የእኔ አይደለም።