የሞባይሉ ባትሪና የጨው ውሃ

ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለው ቀበሌያችን የራዲዮ ድንጋይ ደከመ ተብሎ አይጣልም ነበር። መሪጌታው አባቴ በወስፌ ይበሱትና የጨው ውሃ ጠብ ጠብ አድርገውበት ፀሐይ ላይ ያሰጡታል። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» ይሉታል እየሳቁ። ራዲዮውም ጥቂት ቀን ይናገራል። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ኬሚስትሪ ስማር ነገሩ እውነት ሆኖ ሳገኘው ኮራሁባቸው። የደረቀው ድንጋይ የጎደለው ያው ጨውና እርጥበት ነበር።

ሞባይል ወደ ገጠር በገባበት ሰሞን ሁለተኛ ዲግሪዬን እየሠራሁ ነበርና ምን እንደማጠና አባቴ ጠየቁኝ። በሞባይል ባትሪ ውስጥ ያለው ፈሳሽ እንደ ቤንዚን እንደሚቀጣጠል፣ እኛ በእሱ ፋንታ ያለ ውሃ በራሱ ፈሳሽ የሆነ፣ በቀላሉ የማይነድ ጨው ልናስገባ እንደምንሞክር ነገርኳቸው። ችግሩ ሊቲየም የሚባለው የባትሪው ብረት ሁሉንም ጨው አይቀበልም፤ ካልተስማሙ ይበላላሉ።

«እንግዲያማ እንደ ጋብቻ ሰባት ቤት ቆጥራችሁ ነዋ የምታገናኟቸው» አሉኝ። እንዲህ ያለ ማብራሪያ ከመምህሮቼም አልሰማሁ፤ ገብቷቸዋል ብዬ ደስ አለኝ።

በዚያው ክረምት እህቴን ምጥ ያዛት። ጽንሱ ተጋድሞ ነበርና ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ተወሰደች፤ እናቴ አብራት ሄደች። እኔና አባቴ ቤት ቀረን። እናቴ ደውላ፣ «ኦፕራሲዮን ሳያደርጓት አይቀሩም፤ እደውላለሁ፣ ስልኩን እንዳትዘጉት» አለች። ብዙም ሳይቆይ የአባቴ ስልክ ጠፋ። ባትሪው ቀድሞም አብጦ ነበር፤ መብራት ያለው ደግሞ ቡሬ ነው። የጎረቤታችንን ስልክ ልዋስ ሮጥኩ።

ስልኩን ይዤ ስመለስ አባቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል። ባትሪውን ከስልኩ አውጥተው በግራ እጃቸው ይዘውታል፤ በቀኛቸው ወስፌ፣ ከእግራቸው ሥር በጣሳ የጨው ውሃ።

«አባየ፣ ይተውት!» አልኩ ከአጥሩ ማዶ።

«ዝም በል ልጀ፤ እህትህ ልትሞትብኝ ነው። አንተስ ጨው አይደል እንዴ ያልኸኝ?» አሉና ወጉት።

ከዚያ ሁሉ ጨዋታችን እሳቸው ዘንድ የቀረው ጨው ብቻ ኖሯል። ባትሪው ፉጨት አሰማ፣ ነጭ ጭስ ተፋ፣ ከዚያ ነደደ። እሳቱ አስደንግጦኛል፤ ይበልጥ ያስደነገጠኝ ግን አባቴ አለመጣላቸው ነው። የልጃቸው ወሬ በዚያ በኩል የሚመጣ ነውና ጣቶቻቸውን ጭብጥ አድርገው ያዙት። «ይጣሉት!» ብላቸው አይሰሙም። መቋሚያቸውን ከግድግዳው አነሳሁና እጃቸውን መታሁት። በእኛ አገር አባቱን የመታ ልጅ የተረገመ ነው። ባትሪው ጭቃው ላይ ወድቆ ነደደ፤ እኛ ሁለታችን ተያየን።

እጃቸውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከተው ሲቀመጡ ሲም ካርዳቸውን አውጥቼ በጎረቤታችን ስልክ ከተትኩት። ሁለት ጊዜ ወደቀብኝ። ስልኩ ገና እንደበራ ጠራ።

«በሰላም ተገላግላለች፤ ሴት ናት» አለች እናቴ። «ስደውል ስደውል የት ሄዳችሁ ነው?»

«እዚሁ ነን» አሉ አባቴ። ከዚያ እንደ ሕፃን አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ።

የግራ እጃቸው ሁለት ጣቶች ተጣጥፈው ቀሩ፤ ማኅሌት ሲቆሙ መቋሚያውን በቀሩት ጣቶች ነው የሚይዙት። ስለ መታኋቸው አንድም ቀን አንስተውብኝ አያውቁም። አገር ቤት በሄድኩ ቁጥር ግን ገና ሳልቀመጥ፣ «ተስማሙ?» ይሉኛል።

«ገና ናቸው፤ ጥቂት ይቆዩና ይበላላሉ» እላቸዋለሁ።

«እንግዲያ አታቸኩላቸው» ይላሉ፣ ያቺን የእህቴን ልጅ በታጠፉት ጣቶቻቸው ወደ ጉያቸው እየሳቡ።