ባኞ ውስጥ የተኛው ዘንዶ

ትናንት ልጄ ስለ እባብ የተጻፈ አስቂኝ ወሬ ከስልኩ ላይ ሲያነብልኝ የኮልፌው ቤታችን ትዝ አለኝ። ጃንሆይ ገና ዙፋን ላይ ነበሩ፤ እኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ታናሽ ወንድሜ ጌቱ በትኩሳት ከሞተ ሦስተኛ ቀኑ ነው። እናቴ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ አትናገርም፣ አታለቅስም። እኔም ምንም አልተሰማኝም፤ የማስበው ሹራቡን ማን እንደሚለብሰው ብቻ ነበር።

ባለሱቁ ጎረቤታችን አቶ ዳና ለለቀስተኛው ሻይ የሚሆን ስኳር በአሮጌ ጋዜጣ ጠቅልለው መጡ። ስኳሩ ወደ ዕቃ ከተገለበጠ በኋላ ጋዜጣውን ዘርግተው ጮክ ብለው አነበቡ። አንድ ሰው ቤርጎ ይዞ ሊታጠብ ሲገባ ባኞው ውስጥ ዘንዶ ተኝቶ አገኘ፤ ደንግጦ ራቁቱን ሲሮጥ ታች ካለው ሰርግ መሀል ገባ።

እናቴ ሳቀች። ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች።

አንዲት ለቀስተኛ "ኧረ ነውር ነው" ስትል አክስቴ "ተዉአት፣ መርዙ ይውጣላት" አለች።

መርዝ ሲባል እናቴን እባብ የነደፋት መሰለኝ። ጋቢውን ገልጬ እግሯን ጣት በጣት ማየት ጀመርኩ።

"ምን ትፈልጊያለሽ?" አለችኝ።

"የነደፈሽን ቦታ።"

"እግሬ ላይ አይደለም" አለችና ጋቢውን መልሳ ሸፈነችው። ታዲያ የት ነው ብዬ አልጠየቅኳትም።

ልጄ አንብቦ ሲጨርስ "አያስቅም እንዴ፣ እማዬ?" አለኝ።

"ያስቃል" አልኩት። ለጌቱ ግን እስከ ዛሬ አልቅሼ አላውቅም።