በርሜል ያልገባው መጽሐፍ

የነርስነት ተማሪዋ ሚስጥር ከማራኪ ግቢ ወደ አራዳ ገበያ ብቅ ባለች ቁጥር አንድ የአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ሳታይ አትመለስም። ሰውዬው በጠራራ ፀሐይ ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ይቀመጣል። መጽሐፍ ሲመጣለት ርዕሱን እንኳ ሳያይ አፍንጫውን ገጾቹ መሀል ይከትና ፊቱን ያጨማድዳል።

“ይሄስ ከበግ ጋር ሲያድር የከረመ ነው!”

በፊት በፊት መጥፎውን ሽታ ለማጥፋት መጽሐፎቹን እንደ ጠላ ጋን በወይራ ያጥናቸው ነበር። አንድ የኬሚስትሪ ተማሪ ግን “ገጽ በገለጥኩ ቁጥር ጠላ ያምረኛል” ብሎ የገዛውን መጽሐፍ መለሰለት። ከዚያ ወዲህ ሽታ የሚመጥ ከሰል ያለበት በርሜል ውስጥ ከትቶ ይከድናቸዋል፤ ሲወጡ ምንም አይሸቱም።

ከመቀመጫው ሥር የማትጠፋው ቀይ መጽሐፍ ግን በርሜል ገብታ አታውቅም። ዛሬ ዞር ሲል ሚስጥር ብድግ አድርጋ አሸተተቻት። ቅቤና ቅርንፉድ፣ የተሠራ የሴት ጠጉር ሽታ ነው።

“አያ፣ ምነው ይቺን መጽሐፍ በርሜል ውስጥ ሳይከቷት ቀሩ?” አለችው እየሳቀች።

ሰውዬው ቀማትና ካፖርቱ ውስጥ ሸጎጣት።

“ብዙ አታሽቻት፣ ጠረኗ ያልቃል።”