ሦስተኛው ጥያቄ

ጀርመን በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት የሥራ ባልደረቦቼ ምሳ ጋበዙኝ። «ምን ትበያለሽ?» ሲሉኝ «ምንም፣ ጠግቤያለሁ» አልሁ። ያደግሁት ሲማዳ ነው፤ እንግዳ በመጀመሪያው ጥያቄ እሺ አይልም። ጋባዥ «በሞቴ!» ይላል፣ ይለምናል፣ ይቆጣል፤ በሦስተኛው እሺ ይባላል። እነሱ ግን ራሳቸውን ነቅንቀው የየራሳቸውን አዘዙ። ሲበሉ እኔ ውኃዬን ይዤ ሆዴ ሲጮህ ዋለ። ማንም ክፉ አልነበረም። የእነሱ «አይ» አይ ነው፣ በቃ።

ቶሎ ተማርሁ። ሲርበኝ ርቦኛል ማለት ለመድሁ፤ እንዲያውም ወደድሁት። የእኛ ሰው መግደርደር ምን ይሠራል እያልሁ በስልክ ጓደኞቼ ላይ እስቅ ነበር። ጉረኛ ነበርሁ።

ከስድስት ዓመት በኋላ ለእረፍት መጣሁ። ወደ ጀርመን ስመለስ አጎቴ ሊሸኙኝ ከገጠር እኔ እስካደርሁባት ወገዳ ከተማ ድረስ በእግራቸው መጡ። ወላጆቼን በልጅነቴ ስላጣሁ አሳድገው፣ አስተምረው ለነርስነት ያበቁኝ እሳቸው ናቸው። መኪናው እስኪሞላ ምግብ ቤት ገባን።

«አባባ፣ ምን ይምጣልዎ?»

«የለም ልጄ፣ በልቸ ነው የመጣሁ። አንች ብይ።»

«እሺ» አልሁና ጥብስ አዘዝሁ። ባለቤቲቱ አጎቴን አየት አድርጋ «አንድ ብቻ?» አለችኝ። «አንድ» አልሁ።

የእጅ ውኃ መጣ። አጎቴ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሰብስበው ታጠቡ። ጥብሱ ሲቀርብ ባረኩና ሳሕኑን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። «ትንሽ አይቀምሱም?» አልኋቸው። «ብይ፣ ብይ» አሉ። ሁለት ጊዜ ጠየቅሁ ማለት ነው። ሦስተኛው ነው የቀረው። እርጥብ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በሩን ያዩ ነበር። እኔ ጠራርጌ በላሁ።

መኪናው ጥሩንባ ሲነፋ መርቀው ሸኙኝ። ከዚያ ወዲያ አላየኋቸውም።

ያን ጊዜ ምንም አልመሰለኝም። ቆይቶ ግን እጃቸው ተከተለኝ። ሆስፒታል የታመመ ሽማግሌ እጅ ሳጥብ ድንገት የእሳቸው ይመስለኛል። ሰው ላይበላ ለምን እጁን ይታጠባል? ይህን ጥያቄ እፈራው ነበር።

አጎቴ ባረፉ በስምንተኛው ወር ለለቅሶ መጣሁ። ጎረቤት ግቢው ውስጥ ተሰብስቦ ጠበቀኝ። እንባዬን ሳልጠርግ አንድ ሽማግሌ «እግዜር ይስጥሽ! ወገዳ ላይ እንዲያ ሥጋ ማጥገብሽን አጎትሽ እስኪሞቱ ሲያወሩት ኖሩ» አሉኝ። ሌሎቹም መረቁኝ።

የአጎቴን ሚስት ለብቻቸው ጓዳ አግኝቼ እውነቱን ነገርኋቸው፤ አላበላኋቸውም አልሁ።

«አውቃለሁ» አሉ። «የዚያን ለት ሳይነጋ ሲወጡ እህል አልቀመሱም። ‹ከልጄ ጋር ነው የምበላ፣ ሆዴን አትሙይብኝ› ብለው እምቢ አሉኝ። ሲመለሱ የደረቀ ቂጣ ቆመው በሉ። ‹ምነው፣ አልበላችሁም ወይ?› ብላቸው፣ ‹ልጅቱን ለሰው እንዳታሚብኝ› ብለው አስማሉኝ።»

ከጓዳ ስወጣ አንዲት ጎረቤት ገና መድረሷ ነበር። አቅፋኝ አለቀሰችና ለዚያ ምሳ መረቀችኝ። አጎቴ ያስማሉትን መሐላ ላለማፍረስ አሜን አልሁ።